በጌም የተላከ ሽማግሌ

እኛ ሐበሾች ስልካችን አንሊሚትድ ሲሆን ኩርፊያችንም አንሊሚትድ ይሆናል! አይደለም የምትሉ ካላችሁ፣ እስቲ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ላለችው ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ አልማዝ፣ ደውሉላት። እኔማ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ እንዴት ልደውል... ተኳርፈናላ። ልጇ ናቲ ሲመረቅ ኬኩ ሳይቆረስ ወደ ሥራ ሄድክ ብላ ተቀየመችኝ። እሷ «ታናሽ ይደውል» ትላለች፤ እኔ «የተቀየመ ይደውል» እላለሁ። ይኸው ፋሲካ ደረሰ። ያለ እሷ ፈስኬ አላውቅም፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ናፍቃኛለች።

ወግ የሚያውቅ ሰው ሽማግሌ ይልካል። እኔ ኮምፒውተር ላክሁ። ልጄ ሶሊያና ከናቲ ጋር ብሎኬት እየደረደሩ ቤት የሚሠሩበት ጌም አላቸው። እዚያው ጌም ውስጥ ደግሞ ያለ ሽቦ መልእክት የሚላላኩ ኮምፒውተሮች ሠርተዋል። አንቴናው ከፍ ባለ ቁጥር ርቆ ይሰማል፤ ዝናብ ሲጥል ግን ይደክማል። ዝናቡም የሚጥለው ጌሙ ውስጥ ነው... አትሳቁ።

«ዳዲ፣ ለምን ዝም ብለህ ኮል አታደርጋትም?» አለችኝ ሶሊያና።

አሜሪካ የተወለደ ልጅ የኩርፊያን ሕግ ከየት ይወቀው! ጌሙ ውስጥ ተራራ ላይ የአንቴና ማማ አሠራኋትና መልእክቴን ጻፍኩ። እንደ ወጉ በሰላምታ ጀመርኩ፤ ጤናዋን ጠየቅሁ፣ የሚያማትን ጉልበቷን ጠየቅሁ፣ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ከዚያ ወደ ጉዳዬ ገባሁ። ወቀሳዬን ከኬኩ ጀምሬ እስከ ልጅነታችን ድረስ ዘረገፍኩት። ናቲ እንዲያነብላት ተነገረው።

ሰላምታው እንደሄደ ጌሙ ውስጥ ዶፍ ወረደ። የቀረው እስኪያባራ ይጠብቃል አለችኝ ሶሊያና። እኔ ሰማዩን ስረግም ስልኬ ጮኸ። እትዬ አልማዝ ናት።

«ጉልበቴን ጠየቅኸኝ» አለች ድምጿ እየተቆራረጠ። «አንዲት ወቀሳ ሳትጨምር! ክፉዋስ እኔ ነኝ። ለፋሲካ እኔ ጋ ናችሁ።»

«ምን ወቀሳ አለኝ ብለሽ ነው እትዬ» አልኳት፣ ጨዋው ወንድሟ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

እንባዬን ሳልጠርግ ሶሊያና ብቅ አለች። «ዳዲ፣ ጉድ ኒውስ፤ ዝናቡ ስቶፕ አድርጓል። የቀረው እየሄደ ነው።»

ጌም ነክቼ የማላውቅ ሰው ማውሱን ነጥቄ ማማውን ከሥሩ ናድኩት! ግን አንዲት ቃል አምልጣ ኖሮ ስልኬ እንደገና ጮኸ።

«ናቲ ‹ኬኩ› የሚል መጣ አለኝ። ኬኩ ምን?»

«ኬኩ... ሳልቀምሰው መሄዴ ይቆጨኛል ልልሽ ነው» አልኳት።

ይቅርታ ጠየቅሁ ማለት ነው፤ ሳላስበው! እናንተም የተቀየማችሁት ሰው ካለ ሰላምታውን አስረዝሙት። በቀረው ላይ ዝናብ ያውርድበት።