ሄደር ፋይል ከፋፍዬ ግንባር የዘመትኩት ሰውዬ

ወገን፣ ይህን ስነግራችሁ አታምኑኝም። በደርግ ዘመን ጦር ግንባር የላከኝ የገዛ ፍጥነቴ ነው!

አዎ፣ ፍጥነቴ። ሳቁ፣ ችግር የለም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው። ፒያሳ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፎቅ ላይ፣ አንድ ኮምፒውተር ነበረን። ፕሮግራመሮቹ ሁለት ነን፦ ከአራት ኪሎ ትኩስ የወጣሁት ላጤው እኔ፣ እና ምሥራቅ ጀርመን ተምረው የመጡት፣ የልጆች አባት ጋሽ ወርቁ።

የመጋዘን ዕቃ የሚመዘግብ ፕሮግራም «ሲ» በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ እንጽፋለን። ጋሽ ወርቁ ፋይሎቹ የሚተዋወቁበትን ነገር ሁሉ ሁሉም በሚያነቡት አንድ ግዙፍ ሄደር ፋይል ውስጥ ጠቅጥቀውታል። እሱ ውስጥ አንዲት ፊደል ከነካችሁ፣ ሁሉም ፋይል እንደ አዲስ ኮምፓይል ይደረጋል፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ይተረጎማል።

ማሽኑ ያቃስታል። እኛ ወርደን ማኪያቶ እንጠጣለን፣ ጊዮርጊስን ዞረን እንመለሳለን፣ እሱ አሁንም ያቃስታል።

እኔ ደግሞ አላስችል አለኝ!

«ጋሼ፣ ይሄን ሄደር ብንከፋፍለው እኮ የሚመለከታቸው ፋይሎች ብቻ ናቸው ኮምፓይል የሚደረጉት» አልኳቸው።

«ተወው።»

«ግን እኮ ጋሼ...»

«የሚሠራ ነገር አትነካካ አልኩህ!»

ቀንተውብኝ ነው አልኩ። እዩልኝ እንግዲህ፣ የሃያ ምናምን ዓመት ጭንቅላት!

እሳቸው የዓመት ፈቃድ ወጡ። እኔ ሄደሩን በየፈርጁ በታተንኩት። «ያንንም ፋይል አንብብ» የሚሉ፣ ማንም የማይጠቀምባቸውን ኢንክሉዶች ነቃቀልኩ። አንዱ ሄደር ሁለቴ እንዳይነበብ በር ላይ ዘበኛ አቆምኩበት።

ከወንበሬ ሳልነሳ ማሽኑ ጨረሰ!

ታዲያ አርፌ ብቀመጥ ምናለበት? አልተቀመጥኩም። ሥራ አስኪያጁን ጠራሁ። እሱ ካድሬውን ጠራ። ካድሬው ሠራተኛውን ሰበሰበ። ሰው ሁሉ ከኋላዬ ተደርድሮ ሲያይ አንዲት ፊደል ቀየርኩ፣ ኮምፓይል አደረግሁ፣ ወዲያው አለቀ።

ጭብጨባ!

ካድሬው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ጓድ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ እዚህ ክፍል ሁለት ሰው ምን ይሠራ ነበር?»

እኔ ጅሉ! «እውነቱን ለመናገር ጓድ፣ መጠበቅ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ካድሬው ግን አልሳቀም።

ያኔ ከየመሥሪያ ቤቱ ለግንባር ሰው ይጠየቅ ነበር። የእኛን ክፍል ማንም ሳይነካው የቆየው «ሁለቱም ለማሽኑ ያስፈልጋሉ» እየተባለ ነው። በሳምንቱ ስሜ ተጠራ።

ጋሽ ወርቁ ከፈቃድ ሲመለሱ ጠረጴዛዬን ሳጸዳ አገኙኝ። በሩን ዘጉት።

«ማሽኑ እስከዘገየ ድረስ ሁለት ሰው ያስፈልገዋል» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንድ ሰው የበቃው ቀን ላጤው እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ሆን ብዬ ነው እንደዚያ ያደረግሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«የት ልንገርህ? እዚህ ግድግዳው ራሱ ካድሬ ነው።»

ስለ ግንባሩ አልተርክላችሁም። ምሽግ ውስጥ አጠገቤ ይተኛ የነበረ አንድ ልጅ አለ። እሱ አልተመለሰም። በእሱ ደግሞ ፌስቡክ ላይ አልቀልድም።

ሥርዓቱ ሲወድቅ በእግሬ ተመለስኩ። ግራ ጆሮዬን መድፍ አደንቁሮታል። በራችን ላይ ቆሜ «እማዬ» ልል ስል እናቴ ቀደመችኝ፦

«እግዜር ይስጥልን!»

ለማኝ መስዬያት ነው። የወለደችኝ እናቴ!

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጋሽ ወርቁ ሊጠይቁኝ መጡ። አርጅተዋል። አጠገቤ ተቀመጡ፣ በግራ በኩል። አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ረጅም ነገር ተናገሩ።

አንድ ቃል አልሰማሁም።

ይድገሙልኝ ማለት አፈርኩ። እንደ ሰማ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። እሳቸውም እንባቸውን ጠረጉ፣ እጄን ጨበጥ አድርገው ሄዱ። ብዙም አልቆዩም፣ ቀበርናቸው።

ይቅርታ ጠይቀውኝ ይሆን? ወይስ «ምን አጣደፈህ አንተ ከንቱ!» ብለውኝ? በምን እንደተስማማሁ እስከ ዛሬ አላውቅም!

ወገን፣ እናንተ ብትሆኑ ታስደግሟቸው ነበር?