ዶክተሯ ዶክተር ልትሆን ነው

አማርኛችን ቃል አያጥረውም። ዛፍ ለሚመረምርና ሰው ለሚያክም ግን ‘ዶክተር’ የምትል አንዲት ቃል ሰጥቶ ዞር አለ። እናንተ ሠፈር ምን እንደተፈጠረ አላውቅም፤ እኛ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ግን ጣጣው አክስቴ ላይ አረፈ።

አክስቴ ጽጌ ዶክተር ናት፤ የባህር ዛፍ። የእንጦጦ ባህር ዛፍ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ ስታጠና ዓመታት አለፉ። ዶክትሬቷን ስትይዝ ሠፈርተኛው በአንድ ቀን ከ‘አንቺ’ ወደ ‘እርስዎ’ አሻገራትና እጅጌውን እየሰበሰበ “የደም ግፊቴን ይዩልኝ” ይላት ጀመር። “እኔ እኮ የዛፍ ነኝ” ብትል ትሕትና መሰላቸው። እየቆየች ማስረዳቱ ሰለቻት፤ የሰማችውን እየመከረች ትሸኛቸው ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት ትኩሳት የሚያንዘፈዝፈው ሕፃን ታቅፋ መጣች። አክስቴ ቁልቁለቱን ታክሲ ፍለጋ ከመሮጥ በቀር የምታውቀው ነገር አልነበረም። ልጁ ዳነ። እሷ ግን መቀመጥ አቃታት፤ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ። ሕክምና ልማር አለች። ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሰጡት ሁሉ “አንዴ ተምረሻል” ብለው መለሷት፤ የአስተማሪ ደመወዟ ደግሞ ለሕክምና ኮሌጅ ክፍያ አይበቃም። ምዝገባው ሊዘጋ ሲል የቀራት የሠፈራችን እቁብ ብቻ ሆነ። የመጀመሪያውን እጣ ካልሰጧት አለቀ።

እሑድ አብሬያት ሄድኩ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል የጫማዬን ክር እፈታለሁ፣ አስራለሁ።

“ለምን ፈለጉት ዶክተር?” አሉ የእቁቡ ዳኛ ጋሽ ሙደሲር፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው።

“ዶክተር ልሆን።”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የተማረችው ዛፍ እንጂ ሰው አለመሆኑን አስረዳች። ሳቁ ቆመ።

“ቆይ፣ ጨው ይተዉ ያሉኝስ?” አሉ ዳኛው።

“እሱን... ከሬዲዮ ሰምቼ ነው፣ ጋሼ።”

“ወላሂ! ጨው የሌለው ሽሮ ስበላ የከረምኩት በዛፍ ሐኪም ትእዛዝ ነው?” ዙሪያውን ቃኙ። “ስጧት እባካችሁ! እኛን ሳትጨርሰን ትማር!”

ሰጧት። እኔም ክሬን አሰርኩ።

አሁን አክስቴ ግፊት መለካት በእውነት ታውቃለች። የልብ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አድርጋ ዳገቱን ስትወጣ ግን እጅጌውን የሚሰበስብላት የለም። ሠፈሩ ወደ ‘አንቺ’ መልሷታል፤ ስሟም ‘ተማሪዋ’ ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ሙደሲርን ሱቃቸው ደጃፍ፣ ምሳ ሊበሉ ሲሉ፣ በግድ ለካቻቸው። ፊቷ ተለወጠ።

“ጋሼ፣ ጨው ይተዉ።”

“እሺ ልጄ፣ መጀመሪያ አንቺ ዶክተር ሁኚ” አሏት፣ ሽሯቸው ላይ ጨው እየነሰነሱ።