የታሸገችው ሻይ ቤት

አንዳንዱ ሰው ጅብ ይፈራል፤ አንዳንዱ ዳኛ። እኔ የምፈራው «ነገ ተመለስ» መባልን ነው። ነገ የምትባለው ቀን ቢሮ ውስጥ ስትገባ እንዴት እንደምትረዝም፣ በጃንሆይ ዘመን ፈቃድ ያሳደሰ ሁሉ ያውቃል።

ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ባለቤቴ ማርታ ሻይ ቤት ነበራት። እኔ እግሬን ተሰብሬ የጭነት መኪና ሹፍርናዬን ከተውኩ ወዲህ የልጆቻችን ጉርሻ ከዚያችው ቤት ነበር። ፈቃዷን ልናሳድስ ማዘጋጃ ቤት ብንሄድ፣ ጸሐፊው አቶ ተፈራ «መጀመሪያ ከግብር ክፍል ማረጋገጫ አምጡ» አሉን። የግብር ክፍሉ አቶ ደምሴ ደግሞ «መጀመሪያ የታደሰ ፈቃድ አምጡ፤ ፈቃድ የሌለውን ሰው ምን ብዬ ላረጋግጥለት?» አሉ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የባሰውም እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ሽማግሌ እንልክባቸው ነበር።

ስንመላለስ ቀነ ገደቡ አለፈና የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ በሩን በሰም አሽጎት ሄደ። «ልጆቹን ምን ልናበላ ነው?» አልኳት ማርታን። በሀዲይኛ ዝም በል አለችኝ፤ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባታል።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ሹማምንት እንደ ልማዳቸው ሻያቸውን ሊጠጡ መጡ። በሩ ታሽጓል። ማርታ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«ምነው ማርታ፣ ዛሬ ሻይ የለም?» አሉ አቶ ደምሴ።

ብድግ አለች። «ጌቶቼ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን ከሁለት አንዳችሁ መጀመሪያ መፈረም አለባችሁ። የትኛችሁ እንደሆናችሁ እዚሁ ተነጋገሩ።»

አበቃልን፣ ልንታሰር ነው አልኩ በልቤ። አቶ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደምሴ፣ አንተ ብትጀምርስ?» «ለምን እኔ?» እየተጨቃጨቁ ወደ ቢሮ ሄዱ። እኔ ፖሊስ ይዘው የሚመለሱ መስሎኝ መንገድ መንገዱን ሳይ፣ ረፋዱ ላይ ሁለቱንም ወረቀት ይዘው መጡ።

ዘበኛው ግን የለም። ወደ ሙዱላ ለቅሶ ሄዷል፤ ማኅተሙን ማንሳት ያለበት ደግሞ ያሸገው ሰው ራሱ ነው። አቶ ተፈራ ሰሙን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ግራ ቀኛቸውን ቃኝተው ሰንጢያቸውን አወጡና ፈቀፈቁት።

«ማን ከፈተው ቢባል ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«ነፋስ እላለሁ ጌታዬ።»

ትንሽ አሰቡበት። «በቃል ከሆነ ይሁን፤ በጽሑፍ ግን እንዳታደርገው» አሉና ገብተው ተቀመጡ።