ጋሽ መቀስ የሰፉልን ካፖርት

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ከንፈራቸውን ነው። በሬዲዮ የሚናገረው ሰውዬ ቃሉን ሳያወጣ የጋሽ መቀስ ከንፈር ይቀድመው ነበር።

ሁሉን አዋቂ የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛው፣ ክቡር ጋሽ መቀስ፣ ልብስ ሰፊና የመንገዱ ሁሉ ፈራጅ፣ ድሮ ፖለቲከኛ ሲሰሙ "ምላሱ ረጅም፣ ጨርቁ አጭር" ብለው ይስቁ ነበር። ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ደንበኛ ጠፋ። ወረርሽኙ ገባና ባለቤታቸውን ወሰደ፤ በመስኮት መስታወት ተሰናበቷት። "ጥፋተኛው ማን ነው?" ብለው ሁላችንንም ጠየቁ። የመለሰላቸው ያ በሬዲዮ የሚናገረው ፖለቲከኛ ሰውዬ ነው፤ "ያደረጉብን አሉ" አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ዳቦ ሲወደድ "ያደረጉብን አሉ"፤ ቧንቧ ሲደርቅ "ያደረጉብን አሉ"፤ የጎረቤት ድመት ብትጠፋም ያው ነው። ቀስ በቀስ ዳቦ ሻጩም፣ ዘበኛውም፣ እናቴም በዚያው ቃል ይናገሩ ጀመር። አንድ ቀን እናቴ ስታወራ ዓይኔን ብጨፍን፣ ሰውዬው ከፊቴ የተቀመጠ መሰለኝ።

ሰውዬው ለጠራው ሰልፍ፣ ለሰፈሩ ሰው ግራጫ ካፖርት እንዲሰፉ ታዘዙ። ማንንም አልለኩም፤ የሁላችንንም ትከሻ በዓይናቸው ያውቁታል። ሱቃቸው ስገባ ጎረቤቶቼ በሙሉ ራስ አልባ ሆነው ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። የእኔም አለ፤ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ። ነፋስ ሳይኖር እጅጌው ዳሰሰኝ።

የሌለው የነርሷ ብቻ ነበር። ባለቤታቸውን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው ይህች የላይ ፎቅ ጎረቤታችን ናት። ሰውዬው ግን ሰሞኑን "በሽታውን ያመጡብን ሐኪም ቤት ያሉት ናቸው" ብሏል።

"ጋሼ፣ የእኔስ?" አለቻቸው በር ላይ ቆማ።

"ላንቺ አልታዘዘም፣ ልጄ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

የሰልፉ ዕለት ካፖርት ያልለበሰ ሁሉ ከመንገድ እየተጎተተ ይደበደባል። ነርሷ ተረኛ ናት፤ ደረጃው ላይ አብረን ቆመን መውጫ አጣንላት። ጋሽ መቀስ ከታች መጡ። የራሳቸውን ካፖርት አውልቀው አለበሷት፤ እጅጌውን አጠፉላት፤ የሰፋውን ወገብ በመርፌ ቁልፍ ያዙላት።

"ጋሼ፣ አሁንም እኛ ነን ያደረግነው ይላሉ?"

አንገትጌዋን አቃኑ። "አዝራሩን እንዳትፈቺው። ሂጂ፣ ረፈደብሽ።"

"እርስዎስ?"

"እኔን ማን ይነካኛል? የነሱው ነኝ።"

እኚህን ሽማግሌ እንዴት አድርጌ ልጥላቸው? በሸሚዝ ብቻ ደረጃውን ወርደው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ግራጫው ሰልፍ ሄዱ። ሰልፈኛው ሁሉ ወደ ሸሚዛቸው ዞረ። እሳቸው ግን አልቆሙም።