ነጭ አሸዋ ለአስካለ

ሰው ውኃን ሁሉ የሚለካው በተወለደበት ውኃ ነው። የዓባይ ዳር ልጅ አዋሽን አይቶ «ለዚህ ነው ድልድይ የተሠራለት?» ይላል። የምንጭ ዳር ልጅ የቧንቧ ውኃ ሲጎነጭ ብረት ብረት ይለዋል። እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ደግሞ በሽታው የባሰብን ነን፤ ሐይቃችንን ባሕር ብለን፣ በዚያው ስም ከተማ ቆርቁረን፣ ማንም «ይህ እኮ ሐይቅ ነው» እንዳይለን ተስማምተን የምንኖር ነን። ስምምነቱ የሚናጋው እውነተኛውን ባሕር ያየ ሰው ከመካከላችን ሲገባ ነው። ጨዋ ከሆነ ዝም ይላል።

አስካለ ዝም አላለችም።

አስካለ የጎረቤቴ የግርማ ሚስት ናት። ግርማ የፋብሪካ መካኒክ ነው። በደርግ ዘመን መለዋወጫ ዕቃ ከወደብ እንዲያመጣ ወደ አሰብ ተላከ፤ ዕቃው መርከብ ላይ ቀርቶ እሱ አስካለን ይዞ ተመለሰ። ፋብሪካው ዕቃውን ሲጠብቅ እኛ ሰርግ በላን።

ያን ጊዜ ስኳር በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ስለሚገዛ አዲስ ሙሽራ የምትተዋወቀው ሰልፍ ላይ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች «እሰይ፣ ከባሕር ወደ ባሕር መጣሽ!» ቢሏት፣ አስካለ ወደ ጣና ዞር ብላ ትንሽ ካሰበች በኋላ «ይሄ ጨው የተረሳበት ሾርባ ነው» አለች ይባላል። እኔ ሰልፉ ላይ አልነበርሁም። ሴቶቹን ለየብቻ ጠይቄ ሁሉም አንድ ቃል ስለነገሩኝ ነው የምጽፈው።

ሾርባው ለጊዜው አሳቀን። በኋላ ግን ነገሩ ከሾርባ አለፈ። አስካለ ልብስ ባሰጣች ቁጥር የአሰብን ነፋስ ታነሣለች፤ የአሰብ ነፋስ የተሰጣ ልብስ ነጥቆ የመን ያደርሳል። ከነፋሱ ጋር ደግሞ ሁልጊዜ የምትነግረን አንድ ቦታ አለ። ባሕሩ ሲያብድ ድንጋዩን ዞር ይባልና ነፋስ የማይደርስበት ጓዳ የመሰለ ጥግ ይገኛል፤ ውኃው ጸጥ፣ አሸዋው እንደ ዱቄት ነጭ። «እዚያ ስቀመጥ ማንም አያገኘኝም ነበር» ትላለች። ይህን ስትናገር ዓይኗ እኛን አያይም። በመጨረሻ አንድ ቀን ለግርማ ቁርጡን ነገረችው፤ ክረምቱ ሳይገባ ወደ አሰብ ትሄዳለች። መቼ እንደምትመለስ አልተናገረችም። እሱም ለመጠየቅ ፈራ።

ሚስት ልትሄድበት የደረሰ ሰው ብዙ ነገር ያደርጋል፤ ሽማግሌ ይልካል፣ ጥበብ ቀሚስ ይገዛል፣ ስለት ይሳላል። ግርማ ግን መካኒክ ነው። ማሽን ሲቆም የጎደለውን ዕቃ ፈልጎ መግጠም ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ነጭ አሸዋ ይፈልግ ጀመር።

አንድ ማታ እቤቴ መጥቶ «ተገኘ!» አለኝ። የሥራ ባልደረባው በጎርጎራው መርከብ ሲጓዝ፣ ከድንጋይ ጀርባ የተሸሸገ ወተት የመሰለ ዳርቻ አይቷል።

«ረግጦታል?» አልሁ።

«ከመርከብ ላይ ሆኖ እንዴት ይረግጠዋል ጋሼ?»

«እንግዲያው አላየውም።»

እኔ ጣናን ለሥራ ብዙ ዞሬዋለሁ። ያየሁት ጥቁር ድንጋይ፣ ጭቃና ደንገል ነው። ይህንኑ ነገርሁት። ግርማ ግን የመጣው ምክር ሊጠይቅ አልነበረም፤ ምስክር ሊሆነው የሚችል ሰው ፈልጎ ነው። «እኔ ብነግራት አታምነኝም። አንተ ግን ጋዜጠኛ ነህ። አንተ ነጭ ነው ካልህ ለእሷ ነጭ ነው» አለኝ። ሙያዬን እንዲህ አክብሮ የሚናገር ሰው በዚያ ዘመን እምብዛም ስላልነበረ እሺ አልሁ።

ጀልባ ያገኘነው ከሸህ እንድሪስ ነው። ሸህ እንድሪስ ከሐይቁ ዳር የሚኖሩ፣ ጀልባ ሠርተው በራሳቸው ጀልባ ዓሣ አውጥተው ወደ ከተማችን እያመጡ የሚሸጡ አዛውንት ናቸው። ግርማ ስለ ዳርቻው ነግሯቸው «ነጭ አሸዋ አለ አይደል?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሸህ እንድሪስ ጺማቸውን ዳበሱና «አይጠፋም» አሉ።

አንባቢዬ ሆይ፣ በሥራዬ ላይ ካጋጠሙኝ ቃላት ሁሉ እንደ «አይጠፋም» የምፈራው የለም። «መንገድ አለ?» አይጠፋም። «ሊቀመንበሩ ቢሮ ናቸው?» አይጠፉም። በእኛ አገር እንግዳን ፊት ለፊት «የለም» ማለት በር እንደመዝጋት ነው፤ ስለዚህ በሩ ገርበብ ይደረግለታል። ግርማ «አለ» ሲሉት ሰማ። እኔ «ላሳዝንህ አልሻም» ሲሉት ሰማሁ። ሁለታችንም ጀልባ ላይ ወጣን።

ግንቦት ነበር፤ እሑድ ጧት። ሐይቁ እንደ ተወለወለ ገበታ ተዘርግቷል። ግርማ የሰርጉን ኮት ለብሷል። አስካለ ወዴት እንደምትሄድ አልተነገራትም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ከጀልባው ጫፍ ተቀምጣ ውኃውን በጣቷ ትነካለች። ሸህ እንድሪስ ሞተሩን ይዘው ስለ ጤናችን፣ ስለ ከብቶቻችን፣ ከብት እንደሌለን ሲረዱም ስለ ፋብሪካው ጤና ይጠይቁናል።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ወደ ሐይቁ የገባውን ጥቁር ድንጋይ ዞርን። እዚህ ላይ እውነቱን እንዳለ ልጻፍ፤ ዳርቻው ነጭ ነበር። ከድንጋዩ ሥር እስከ ደንገሉ ድረስ አንድ ወጥ ነጭ። ዓይኔን ጠረግሁ። ያው ነጭ ነው።

ግርማ ጀልባው ውስጥ ብድግ አለ። «አየሽ? አየሽ አስካለ? ጋሼ፣ ጻፍ እንጂ!»

«ተቀመጥ ልጄ፣ ትገለብጠናለህ» አሉ ሸህ እንድሪስ።

አስካለ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ከመጣች ጀምሮ ጣናን እንዲህ ስታየው ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሸህ እንድሪስ ሞተሩን አጠፉና በመቅዘፊያ ቀስ ብለው አስጠጉን። ስንቃረብ ከአሸዋው ዳር አንድ አንገት ቀና አለ። አጠገቡ ሌላ አንገት። ከዚያ በኋላ አሸዋው በሙሉ ክንፉን ዘርግቶ ተነሣ፤ በራሳችን ላይ አልፎ፣ ሰማዩን ለጥቂት ጊዜ ሸፍኖ፣ ወደ ሐይቁ መካከል ሄደ። ከምንቃሩ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለው ትልቁ ነጭ ወፍ ነው፤ መጽሐፍ ፔሊካን ይለዋል። ሌሊቱን በዚያ ከነፋስ ተጠልሎ አድሮ ፀሐይ ሲሞቅ ነበር የደረስንበት። የቀረልን ጥቁር ድንጋይ፣ በድንጋዩም ላይ የወፎቹ ማስታወሻ ነው። የሽታውን ነገር እተወዋለሁ።

ግርማ እኔን አየኝ። አስካለም አየችኝ። ምስክርነት ተፈልጎ ነበርና።

«ወፍ ነው» አልሁ።

«አንድ ቀን እንኳ ብትዋሽ ምን ነበር!» አለ ግርማ ሊያለቅስ ደርሶ። ከዚያም ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ሸህ እንድሪስ፣ አይጠፋም ብለውኝ አልነበረም?»

«ብያለሁ። ታዲያ ሚስቱን ሊያስደስት የወጣን ጎልማሳ የለም ብዬ ከደጄ ልመልስ? አላህስ ምን ይለኛል?»

ያን ጊዜ አስካለ ሳቀች። መጀመሪያ በነጠላዋ ሸሸገችው፤ በኋላ ነጠላውም አልቻለም። «ኮት ለብሶ!» እያለች፣ «አሸዋ ሊያሳየኝ ኮት ለብሶ!» እያለች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ግርማ መሣቅ ይኑርበት አይኑርበት ሳያውቅ ቆመ።

ለመመለስ ስናስብ ነፋሱ ተነሣ። የግንቦት ነፋስ ከቀትር በኋላ ጣና ላይ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ሐይቁ በአንድ ጊዜ ነጭ ጥርሱን አወጣ። አስካለ ቀና ብላ ነፋሱን በፊቷ ተቀበለችው፤ ግን አስተያየት አልሰጠችም። ሸህ እንድሪስ ጀልባውን ከድንጋዩ ጀርባ ወደ ጥጉ አስገቡና ከዚያው ዳርቻ በላይ ወዳለው ቤታቸው ወሰዱን። በዚያ ዳርቻ ነፋስ ያስቀረው ሰው የክብር እንግዳ ነው። መቼ ትሄዳለህ አይባልም፤ እሱም ልሂድ አይልም።

ሚስታቸው እመት ዘሃራ እንዳዩን ዶሮ ሊይዙ ሮጡ። ከዚያም መንገድ ላይ ቆሙ። እነሱ እስላም፣ እኛ ክርስቲያን፤ የአንዱን እርድ ሌላው አይበላም። «ዶሮዋን እሰጣችኋለሁ፤ እናንተው ባርኩ፣ ድስትም ለብቻ አለ» አሉ እያፈሩ።

«እማማ፣ ዶሮዋን ይተዉአት» አለች አስካለ። «ዓሣን ማንም ባርኮ አያርደውም። እሱ የሁላችንም ነው።»

እመት ዘሃራ ፊታቸው ፈካ። ሸህ እንድሪስና ግርማ ጀልባውን ሊያስሩ ወረዱ፤ እኔ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጥሁ። ቆሮሶ የሚባለው የጣና ዓሣ ቀረበ። እመት ዘሃራ ቆራርጠው ወደ ድስት ሊጨምሩ ሲሉ አስካለ እጃቸውን ያዘች።

«አይቆረጥም! ለሁለት ይሰነጠቃል። በርበሬ ይቀባና ከምድጃው ግድግዳ ጋር ይለጠፋል።»

«ግድግዳ ላይ? ሥዕል ነው እንዴ የሚሰቀለው?»

«ምድጃው እንደ ጋን ከሸክላ ይሠራል እማማ፤ እሳቱ ከውስጥ ነው።»

«ወሬማ እኔም አለኝ። ሠርተሽ አሳዪኛ!»

የአስካለ ዓይን እንባ አቀረረ። «እኔ አልችልም» አለች ዝቅ ብላ። «የምትሠራው እናቴ ናት። ወደቡ በር ላይ ዓሣ እየጠበሰች ትሸጣለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ሥራ ስትጨርስ ነበር ነፋሱን ሸሽተን እዚያ አሸዋ ላይ የምንቀመጠው።»

ከስኳር ሰልፉ ሴቶች ጀምሮ እስከ ግርማ ድረስ ስለ አሸዋው ያልተጠየቀ ነገር አልነበረም። አሸዋው ላይ ማን ይቀመጥ እንደነበር ግን ማንም አልጠየቀም።

እመት ዘሃራ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ሞኝ! ታዲያ ምን ታለቅሻለሽ? አምጫታ! ሸክላ እንደሆነ ከደጄ ሞልቷል፤ ዓሣውንም ሽማግሌዬ ያወጣል። እስክትመጣ ግን እኔ በድስት ነው የምሠራው፤ ልቀቂኝ!»

በአንድ ገበታ ከበን በላን። እንደ እውነቱ ከሆነ የድስቱ ጥሩ ነበር። አስካለም አልካደችም፤ «መጥፎ አይደለም» አለች፣ ለአሰብ ልጅ ይህ ምርቃት ነው።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነፋሱ ወደቀ። ስንመለስ ግርማ ኮቱን አውልቆ ሚስቱን አልብሷታል። እየፈራም ጠየቃት።

«አስኩ… እንግዲህ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ» አለች።

ግርማ አንገቱን ደፋ። እኔ ወሬውን ቀድሜ አውቄ ነበር፤ ግን የመናገሩ ተራ የእኔ አልነበረም።

«ሄጄ እናቴን አመጣታለሁ» አለች አስካለ። «ከእኛ ጋር ትኖራለች። ምን ትላለህ?»

ግርማ ከደስታው ብዛት ምን እንደተባለ እንኳ ሳይመዝን «ትምጣ! ነገ ትምጣ!» ብሎ ጮኸ። ሸህ እንድሪስ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ይህ ልጅ ቤቱ ስንት ክፍል ነው?» አሉኝ። አንድ ነው አልኋቸው። ጺማቸውን ዳበሱና ስለ ነፋሱ ማውራት ጀመሩ።

አስካለ ሄደች፣ እንዳለችውም ተመለሰች፤ እናቷም መጡ። ክረምቱ ሳይገባ በእመት ዘሃራ ደጅ ምድጃው ቆመ። ዓሣው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አይወድቅም። ሁለቱ እናቶች የበርበሬው ልክ ላይ እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ለመጣላት ሲሉ በየሳምንቱ ይገናኛሉ። አስካለም ስለ አሰብ ስታወራ አሁን እኛን እያየች ነው።

ስለ ግርማ ማለት የምችለው ያየሁትን ብቻ ነው። አማቱ ከመጡ በኋላ የሚተኛው ከበሩ አጠገብ ነበር። በቀበሌው የእሑድ የውይይት ክበብ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚገኘው እሱ ሆነ። ሰብሳቢው «ተጨማሪ ጥያቄ ያለው ጓድ አለ?» ብለው ሰዉ ሁሉ አንገቱን ወደ በሩ ሲያዞር፣ እጁን የሚያወጣው አንድ ግርማ ነበር።