የእትዬ አትያዙኝ እግሮች

በየቤተሰቡ አንድ «አትያዙኝ» አይጠፋም። ደረጃ ላይ ክንዱን ስትደግፉት እንደ ኪስ አውላቂ የሚገላምጣችሁ፣ ሲንገዳገድ «ወለሉ ነው የተጣመመው» የሚል ሰው ማለቴ ነው። የእኛ ቤት ተወካይ አክስቴ ናት፦ ክብርት እትዬ አትያዙኝ፣ ዕውቅ የቀሚስ ሰፊ፣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና እመቤት።

የስኳር በሽታዋ የእግሮቿን ስሜት ቀስ በቀስ ወሰደባት። አንድ ቀን ከሱቋ እስከ ዳቦ ቤት በአንድ እግር ጫማ ሄደች። ሌላኛው ጫማ መንገድ ላይ ወልቆ ሲቀር አልታወቃትም። ዳቦ ሻጩ ቢነግራት ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «አውቄ ነው፤ እግሬን ላናፍሰው ብዬ» አለችው።

ቀጥሎ እግሯ ከፔዳሉ ላይ ተንሸራትቶ ከነወንበሯ ወደቀች። ልጇ መጥቶ ቁርጡን ነገራት።

«እማ፣ በቃ። ሱቁ ይዘጋና እኛ ጋ ትገቢያለሽ።»

አክስቴ የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነች። በቀን ስትሸፍነው አይቼ አላውቅምና ፈራሁ።

ሐኪም ቤት ስወስዳት ያገኘናት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ግን ሌላ መንገድ አሳየችን፦ እግሯን በብሩሽ ማሸት፣ በሚነዝር መሣሪያ መቀስቀስ፣ ሻካራና ለስላሳ ነገር ላይ ማቆም።

«ስሜቱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም» አለቻት። «ግን እግርዎ ትንሽ ወሬ እንኳ ካቀበለዎት መቆሚያ ያገኛሉ። ብቻዎን እንዳይሞክሩት፤ ማታ ማታም ቁስል እንዳይኖር ውስጥ እግርዎን ይዩ።»

አክስቴ ነገሩ እንደ ልብስ ሰፊነቷ ገባት። የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢቷን ገልብጣ ከፋዩን፣ ጂንሱን፣ ሱፉን፣ ሸራውን ወለሉ ላይ ደረደረች። ጠረጴዛውን ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እየረገጠች ትገምታለች። ዳኛው እኔ ነኝ።

«ከፋይ!»

«ሸራ ነው፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው የሸመነው ሰው ተሳስቷል።»

ለወራት እንዲህ ከረምን። እኔ ጠዋት ከአልጋ ለመውረድ ከራሴ ጋር የምጣላ ሰው ነኝ። እሷ ግን ዝም የሚላትን ጨርቅ በየጠዋቱ ትጠይቀዋለች፤ ዛሬም ዝም ቢላት ነገ ትመለሳለች። ሳያት አፌን ይዤ እቀራለሁ። ይህን ያህል ትዕግሥት በአንዲት ቁጡ ሴት ውስጥ የት ተቀምጦ ኖሯል?

ልጇ በመጨረሻ እንደዛተው የሱቁን ዕቃ ሊጭን የጭነት መኪና ይዞ ሲመጣም ጨርቆቿ ላይ ነበረች። «ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ» ብላ ሱፉን ረገጠች። ወዲያው ጮኸች።

«ወጋኝ!»

ልብስ ሰፊ ናትና ስፒል ጨርቁ ላይ ረስታለች። ልጇ ተንበርክኮ እግሯን አነሳ፤ ውስጥ እግሯ ላይ የደም ጠብታ አለ።

«ያማል፣ እማ?»

«ያማል!» አለች፤ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። «እሰይ! ያማል!»

በሰው ሕመም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልጇም እግሯን አቅፎ መሬት ላይ ተቀምጦ ቀረ።

ወዲያው ስንወስዳት ባለሙያዋ ቁስሉን አጽድታ ክፉኛ ተቆጣች። ከዚያ ወዲህ በማግኔት ያልተፈተሸ ጨርቅ አይረገጥም። አክስቴ ሳትንገዳገድ መቆሟን ስታይ ግን የባለሙያዋ ፊት በራ። የጭነት መኪናውም ባዶውን ተመለሰ።

በማግስቱ ልኬ የሆነ አዲስ ሱሪዬን ይዤ ሄድኩና «አሳጥሪልኝ» አልኳት። እግሯ ፔዳሉን ሲረግጥ ማየት አምሮኝ ነው። ይኸው አሁን ቁርጭምጭሚቴን ብርድ እየመታኝ እሄዳለሁ። «ማን ነው እንዲህ ያበላሸብህ?» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ደረቴን ነፍቼ «አክስቴ ናት» እላለሁ።