ክብርት ወይዘሮ ነርሚንና አንዲት ትንሽ ጥያቄያቸው

የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፦ ስብሰባ ሊያልቅ ሲል ኮቱን የሚያነሳና ስብሰባ ሊያልቅ ሲል እጁን የሚያወጣ። ኮት አንሺዎቹ ብዙ ነን። እጅ አውጪ ግን በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም፤ የእኛ የትሮሊባስ ዴፖ ደግሞ ክብርት ወይዘሮ ነርሚንን አድሎታል። ያን በሽቦ የሚሄድ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሃያ ሁለት ዓመት ነድተዋል። እኔን ጨምሮ የዴፖውን ግማሽ ሾፌር ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። አለቃችን ኢንጂነር ካሎያን "እንግዲህ ጥያቄ ከሌለ..." ብለው ሳይጨርሱ ከኋላ ወንበር ድምፅ ይመጣል።

"አንዲት ትንሽ ጥያቄ አለችኝ።"

ኧረ በማርያም! ሾርባችን ቤት እየቀዘቀዘ!

"ሴት ሾፌሮች ጎማ መጋዘን ውስጥ ልብስ የምንቀይረው እስከ መቼ ነው?" ብለው ሦስት ዓመት ጠየቁ። በአራተኛው ዓመት የልብስ መቀየሪያ ክፍል ተሰጣቸው። የደንብ ሱሪያቸውን ዘርግተው "ይኼ ለማን ነው የተሰፋው? እኔ እዚህ ውስጥ ከነባሌ እገባለሁ" አሉ፤ ሳቅንባቸው፣ ሱሪው ግን ተቀየረ። አንድ ቀን ደግሞ፣ "የገና ዕለት በዓልሽ ስላልሆነ ሥሪ ተባልኩ፤ እሺ፣ ቱርክ ነኝ። ታዲያ ኢድን የምሠራው ምን ስለሆንኩ ነው?" ብለው ኢንጂነሩን አፋጠጧቸው።

እኔ በልቤ "እውነታቸውን ነው" እላለሁ። በልቤ ብቻ።

ዘንድሮ በበረዶው ወራት የስምሪት ኃላፊው ጡረታ ወጡ። ማን የትኛውን መስመር በየትኛው ቀን እንደሚነዳ የሚወስነው ያ ወንበር ሴትም ቱርክም ተቀምጦበት አያውቅም። ወይዘሮ ነርሚን ጠይቀው ጠይቀው ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ፈተና ይሁን ተባለ። እኔና እሳቸው ሁለታችን ተፈተንን። ኢንጂነሩ ቢሯቸው ጠርተው ውጤቱን አነበቡልን፦ ወይዘሮ ነርሚን ዘጠና አራት፣ እኔ ሰባ አንድ። እሳቸው ሲወጡ እኔን አስቀሩኝና፣ "ዝላትኮ፣ ወንዶቹ ከሴት፣ ያውም ከቱርክ፣ ትእዛዝ ይቀበላሉ? ለሰላም ስል አንተን ነው የምሾመው" አሉኝ። አመሰገንኳቸው።

ሹመቴ በስብሰባ ሲነገር ያች እጅ ወጣች።

"አንዲት ትንሽ ጥያቄ። ፈተናውን ማን በለጠ?"

ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞሩ። "ዝላትኮ፣ አንተም ነበርክ። እስቲ ንገራቸው።"

ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ "ተቀራራቢ ነበር፤ በደንብ አላስታውስም" አልኩ።

ወይዘሮ ነርሚን እጃቸውን አውርደው ተቀመጡ። እኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ማታ ሚስቴ "እንኳን ደስ አለህ" ስትለኝ እንኳ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

የሴቶች ቀን ደረሰ። እንደ ልማዳችን ኢንጂነሩ ዝርዝር ይዘው ለእያንዳንዷ ሠራተኛ አንድ አንድ ቀይ አበባ አደሉ። እኔም ልታረቅ ብዬ አንድ ገዝቼ ነበርና ሮጬ "እንኳን አደረሰዎት፣ እትዬ ነርሚን" ብዬ እጃቸው ላይ ጨመርኩት።

እጃቸውን አዩ። ሁለት አበባ! በእኛ አገር ጥንድ አበባ ለሬሳ ነው የሚሰጠው።

"ዝላትኮ ልጄ፣ ወንበሩ አልበቃህም? ልትቀብረኝም አማረህ?"

ዴፖው በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! የእኔን አበባ ነጥለው ለጽዳት ሠራተኛዋ ለሚንካ ሰጧት፤ ከሮማ፣ ጂፕሲ ከሚሏቸው ወገን ናት፣ ስሟም ዝርዝሩ ላይ የለም። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ስንት ነበር ያመጣሁት?" አሉኝ።

"ዘጠና አራት።"

"ታስታውሳለህ ለካ! ለእኔ ብትነግረኝ ምን ይሠራልኛል፤ ላይ ወጥተህ ንገር።"

ወጣሁ። ለኢንጂነሩ ወንበሩ ለወይዘሮ ነርሚን እንደሚገባ ነገርኳቸው።

"የቅሬታ ጊዜው ትናንት አልቋል" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "ካልፈለግከው ልቀቅ፤ ስቴፋንን እሾማለሁ።"

ስቴፋን ደግሞ ፈተናውን እንኳ አልተፈተነም። ልጆቼ ትዝ አሉኝ፣ ሚስቴ ትዝ አለችኝ፤ ሰበብ መቼ ይጠፋል? "ይቅርታ ጌታዬ" ብዬ ወረድኩ።

ወይዘሮ ነርሚን ደረጃው ሥር ቆመው ነበር። ፊቴን ሲያዩ ሁሉም ገባቸው። አልሰደቡኝም። የተጣመመ ክራባቴን አቃኑልኝና፣ "በል፣ ነገ ስምሪት ስታወጣ አምስት ቁጥር ትሮሊባስን ለጀማሪ እንዳትሰጥ፤ ፍሬኑ ያስቸግራል" ብለው የተሾምኩበትን ሥራ አስተማሩኝ።

እሳቸውን የመሰለ ሰው አልገጠመኝም፤ ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ወንበራቸው ላይ ግን ዛሬም የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።